የቆዳ መድኃኒትና ተሸካሚው ቅመም

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሰሞን በሳይንስ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የሳይንስ ክበባችን በዚህ በዓል አጋጣሚ እያንዳንዱ ተናጋሪ ለወገን የሚጠቅም አንድ ነገር መርጦ እንዲያስረዳ ስላዘዘ፣ እኔም ስለ ቆዳ መድኃኒት ልናገር ተነሥቻለሁ። ስለ ቆዳ መድኃኒት ስል ግን ስለ ፈዋሹ ቅመም ብቻ ማለቴ አይደለም። ስለ እርሱ ብዙ ተነግሯል፤ ስሙም በካርቶኑ ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ይታያል። የኔ ንግግር ስሙ በደቃቅ ፊደል ስለሚጻፈው፣ ብዙ ሰውም ስለማያነበው፣ «ሥራ የለውም» እየተባለ ስለሚታለፈው ስለ ሌላው ቅመም ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ነገሩን ከአንድ ከታወቀ ጥያቄ ልጀምር። ሁለት ሰዎች ከመድኃኒት ቤት ሁለት ቱቦ መድኃኒት ገዙ እንበል። የመድኃኒቱ ስም አንድ ነው፤ መጠኑም አንድ ነው፤ ነገር ግን የአንዱ ክሬም ሲሆን የሌላው ቅባት ነው። አንደኛው ዳነ፤ ሁለተኛው ግን ሳይሻለው ቀረ። ያልዳነው ሰው «የሸጡልኝ የውሸት መድኃኒት ነው» ብሎ ባለመድኃኒት ቤቱን ያማል። ሐኪሙም በበኩሉ «ታማሚው እንዳዘዝሁት አልተቀባም» ብሎ ይጠረጥራል። ከሁለቱ አንዳቸው እውነት ሊኖራቸው ይችላል። ዳሩ ግን ሦስተኛ ምክንያት አለ፤ ይኸውም ፈዋሹን የተሸከመው ነገር ነው። ይህን ሳይመረምሩ መፍረድ ንጹሕ ሰውን መበደል ይሆናል። ከዚህም የሚብሰው፣ ታማሚው ተስፋ ቆርጦ በመድኃኒት ላይ መድኃኒት እየደራረበ ቆዳውን ማበላሸቱ ነው።

ለመሆኑ ተሸካሚ ቅመም የሚባለው ምንድር ነው? ለችፌና ለቆዳ መቆጣት የሚታዘዘውን ሃይድሮኮርቲዞን የተባለውን መድኃኒት እንመልከት። በቱቦው ላይ «1%» ተብሎ ተጽፎ እናገኛለን። እንግዲህ ቱቦው 30 ግራም ቢይዝ፣ ፈዋሹ ቅመም 0.3 ግራም ብቻ ነው ማለት ነው። የቀረው 29.7 ግራም ሌላ ነገር ነው። ክሎቤታዞል የተባለው ኃይለኛ መድኃኒት ደግሞ የሚዘጋጀው በ0.05% ስለ ሆነ፣ በ30 ግራም ቱቦ ውስጥ ያለው ፈዋሽ 15 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ቆዳውን ሲቀባ ከሚቀባው ውስጥ እጅግ የሚበዛው «ሥራ የለውም» የሚባለው ክፍል ነው። ይህ ክፍል ቫዝሊን፣ የፓራፊን ዘይት፣ ሰም፣ የበግ ጠጉር ስብ የሆነው ላኖሊን፣ ውሃ፣ አልኮል፣ ግሊሰሪን፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ዘይትና ውሃን የሚያስታርቅ ቅመም፣ እንዲሁም እንዳይበላሽ የሚጠብቅ ቅመም ሊኖርበት ይችላል።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት መጀመሪያ የቆዳችንን አሠራር ማወቅ ይገባናል። የአዋቂ ሰው ቆዳ ቢዘረጋ ከ1.5 እስከ 2 ካሬ ሜትር ያህል ይሰፋል። በላይኛው ፊቱ ላይ ቀንዳማ ሽፋን የሚባል አለ። ይህ ሽፋን ከመዳፍና ከእግር ጫማ በቀር በአብዛኛው የሰውነት ክፍል ከ0.01 እስከ 0.02 ሚሊ ሜትር ብቻ ይወፍራል፤ ከተራ የደብተር ወረቀት እንኳ ብዙ ጊዜ ይሳሳል። ሆኖም የሰውነት ዋና አጥር እርሱ ነው። የሞቱ ሴሎች እንደ ጡብ ተደርድረውበት፣ በመካከላቸውም ልዩ ልዩ ስብ እንደ ጭቃ ሞልቶት ይገኛል። ይህ ግንብ የሰውነታችንን ውሃ በውስጥ ይጠብቃል፤ ከውጭ የሚመጣውንም ይከለክላል። መልካም የሆነው ነገር ግን ለመድኃኒት ቀማሚ እንቅፋት ነው፤ ግንቡ ጠላትን እንደሚከለክል ሁሉ ወዳጅንም ይከለክላልና። በ2000 ቦስና ማይናርዲ የተባሉ ሊቃውንት ባወጡት ጽሑፍ፣ ከ500 ዳልተን የሚከብድ ሞሌኩል በጤነኛ ቆዳ ለማለፍ እጅግ እንደሚቸግረው አስረድተዋል።

እንግዲህ ፈዋሹ ሦስት በር ማለፍ አለበት። አንደኛ፣ በተሸካሚው ውስጥ መሟሟት አለበት። ሁለተኛ፣ ተሸካሚውን ለቆ ወደ ቀንዳማው ሽፋን መግባት አለበት። ሦስተኛ፣ ሽፋኑን ሰንጥቆ ሕመሙ ወዳለበት መድረስ አለበት። ከሦስቱ በሮች በአንዱ ከተያዘ፣ በቱቦው ላይ የተጻፈው ቁጥር ምንም ያህል ቢያምር ታማሚውን አይጠቅመውም።

በፊዚክስ ትምህርታችን ስሙን የምናውቀው አዶልፍ ፊክ የተባለው የጀርመን ሊቅ በ1855 እንዳስረዳው፣ አንድ ነገር ብዙ ካለበት ወደ ጥቂት ወዳለበት ይሄዳል፤ ልዩነቱ በበዛ መጠን መሄዱ ይፈጥናል፤ መንገዱ በወፈረ መጠን ይዘገያል። ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያውስ መድኃኒቱን ብዙ ማድረግ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ታኬሩ ሂጉቺ በ1960 አንድ ትልቅ ነገር ገለጠ። ይኸውም ዋናው ነገር በተሸካሚው ውስጥ ያለው የመድኃኒት ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ መድኃኒቱ ተሸካሚውን ለቆ ለመውጣት ያለው ግፊት ነው የሚል ነው።

ይህን በምሳሌ ላስረዳ። አሥር ሰዎች በአንድ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ቢቀመጡ ማንም ለመውጣት አይቸኩልም። እነዚያው አሥር ሰዎች በአንዲት ጠባብ ጎጆ ቢታጎሩ ግን በሩ ሲከፈት ተጋፍተው ይወጣሉ። የሰዎቹ ቁጥር አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቤቱ ነው። መድኃኒቱም እንዲሁ ነው። ተሸካሚው እጅግ የሚመቸው ከሆነና ገና ብዙ ሊያሟሟ የሚችል ከሆነ፣ መድኃኒቱ በዚያው ተመችቶት ይቀራል። ተሸካሚው መድኃኒቱን እስከ ጠርዝ ያህል ብቻ የሚችለው ከሆነ ግን መድኃኒቱ ወደ ቆዳው ይገፋል። ጨርሶ ያልሟሟው ዱቄት ደግሞ በጎጆው ውስጥ ተኝቶ እንደ ቀረ ሰው ነው፤ እስኪነቃ ድረስ በሩ ቢከፈት አይወጣም። አልኮል ያለበት መድኃኒት ሲቀቡት አልኮሉ ይተንና ቀሪው ይጠባል፤ በዚህ ጊዜ መድኃኒቱ ለጥቂት ጊዜ ከፍ ያለ ግፊት ያገኛል። የመድኃኒት ቀማሚው ጥበብ እንግዲህ ቤቱ ጎጆ ይሁን አዳራሽ በልክ መወሰን ነው።

አሁን ይህ አሳብ በእውነተኛ መድኃኒት ላይ እንዴት እንደ ታየ ልንገራችሁ። ቤታሜታዞን ዳይፕሮፒዮኔት የሚባል መድኃኒት አለ። በአሜሪካን አገር እነዚህን መድኃኒቶች በኃይላቸው በሰባት ደረጃ ይከፍሏቸዋል፤ አንደኛው ደረጃ ከሁሉ የበረታው ነው። ይህ አንድ መድኃኒት በአንድ ዓይነት መጠን፣ ማለት በ0.05% ተዘጋጅቶ፣ በተራ ሎሽን ሲሆን አምስተኛ ደረጃ፣ በተራ ክሬም ሲሆን ሦስተኛ ደረጃ፣ በተራ ቅባት ሲሆን ሁለተኛ ደረጃ ይሰጠዋል። ፕሮፒሊን ግላይኮል ተጨምሮበት ተሸካሚው በተሻሻለው ቅባት ሲሆን ግን አንደኛ ደረጃ ላይ ይወጣል። ፕሮፒሊን ግላይኮሉ መድኃኒቱን በደንብ ያሟሟዋል፤ የግንቡንም ጭቃ ላላ ያደርገዋል። እንግዲህ ቁጥሩ 0.05% እንደ ሆነ ቀርቶ፣ «ሥራ የለውም» የተባለው ቅመም ብቻ ተለውጦ፣ መካከለኛው መድኃኒት ከኃይለኞቹ ተራ ገባ። እንዲህ ያለውን ቅመም ሥራ የለውም ማለት እንዴት ይቻላል?

ይህ ኃይል እንዴት ይለካል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። በ1962 ማኬንዚና ስታውተን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ቀላል ዘዴ አሳዩ። እነዚህ መድኃኒቶች በቆዳ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ስለሚያጠብቡ፣ የተቀባው ስፍራ ይነጣል። ንጣቱን በማነጻጸር የመድኃኒቱን መግባት ማወቅ ይቻላል። እነርሱም የተቀባውን ስፍራ በፕላስቲክ ቢሸፍኑት መድኃኒቱ እስከ መቶ እጥፍ ያህል አብልጦ ሊገባ እንደሚችል አገኙ። ቆዳው ሲሸፈን ውሃው ስለማይተን ቀንዳማው ሽፋን ይርሳል፤ ሲርስም መንገዱ ይከፈታል። ቅባት ከክሬም ይልቅ የሚበረታበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ቫዝሊን ራሱ እንደ ፕላስቲክ ሆኖ ቆዳውን ይሸፍናልና።

የተቀባው የሰውነት ክፍልም ልዩነት ያመጣል። ፌልድማንና ማይባክ በ1967 ባወጡት ጥናት፣ በክንድ ላይ የገባውን የሃይድሮኮርቲዞን መጠን 1 ብለን ብንቆጥረው፣ በእግር ጫማ 0.14፣ በግንባር 6፣ በመንጋጋ ጥግ 13 ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ለእግር የታዘዘውን ለፊት መቀባት ሌላ መድኃኒት እንደ መቀባት ይቆጠራል።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ተሸካሚ ዓይነቶችና ስለየስፍራቸው ጥቂት ልበል። ቅባት በአብዛኛው ውሃ የሌለበት ወይም ጥቂት ብቻ ያለበት ነው። ለደረቀ፣ ለተሰነጠቀና ለወፈረ ቆዳ ይስማማል። ክሬም ዘይትና ውሃ ተስማምተው የተቀላቀሉበት ነው። ዘይትና ውሃ በተፈጥሯቸው ስለማይዋደዱ፣ በመካከላቸው እንደ አስታራቂ ሽማግሌ የሚገባ ቅመም ያስፈልጋል። ይህ ሽማግሌ አንዱን እጁን ለዘይቱ፣ ሌላውን እጁን ለውሃው ሰጥቶ ያስማማቸዋል። ክሬም በቀላሉ ስለሚዋጥና ልብስ ስለማያበላሽ ለፊትና ለትኩስ የቆዳ ቁጣ ይመረጣል። ሎሽንና ጄል ጠጉር ላለበት ስፍራ ይሻላሉ። ወፍራም ሊጥ የመሰለው ፓስታ ደግሞ ብዙ ዱቄት ስላለበት እርጥበትን ይመጣል፤ ከተቀባበትም ስፍራ አይስፋፋም። የቆዳ ሐኪሞች ከጥንት ጀምረው ለሚያዥ ቁስል እርጥብ ነገር፣ ለደረቀ ቆዳ ቅባታም ነገር ይስጡ የሚል ደንብ ይዘው ኖረዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የሚያዥ ቁስል በቫዝሊን ቢታፈን ፈሳሹ መውጫ ያጣል፤ የተሰነጠቀ ተረከዝ በአልኮል ቢታጠብ ደግሞ ይበልጥ ይደርቃል፤ ያቃጥላልም።

የታማሚው ፈቃድም ከዚሁ ጋራ ይቆጠራል። ነጠላው ላይ የሚያትም፣ አቧራ የሚሰበስብ፣ የሚሸት መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ሁለት ቀን ተቀብቶ ይተወዋል። እንዲህ ያለውን ሰው «ቸልተኛ» ብሎ ከመገሠጽ በፊት፣ የተሰጠው ነገር ለኑሮው የሚስማማ መሆኑን መጠየቅ ይገባል። ያልተቀቡት መድኃኒት አያድንምና፣ የሚቀባውን መልካም ማድረግም የሕክምናው አንድ ክፍል ነው።

ተሸካሚ ቅመም ፈዋሹን ከማድረስ አልፎ ራሱ የሚፈውስበት ጊዜም አለ። ሮበርት ቼዝብሮ የተባለ አሜሪካዊ በ1872 የፈጠራ መብት ያገኘበት ቫዝሊን፣ በቆዳ ላይ ሲቀባ የሚተነውን ውሃ ከመቶ 98 እጅ ያህል ሊያስቀር ይችላል። ለደረቀ ቆዳ ይህ ራሱ ሕክምና ነው። ስለዚህ ነው አዲስ የቆዳ መድኃኒት ሲፈተን ሊቃውንት ታማሚዎችን በሁለት ከፍለው ለአንዱ ወገን ፈዋሹ ያለበትን፣ ለሌላው ፈዋሹ የሌለበትን ባዶውን ተሸካሚ የሚሰጡት። ባዶውን ከተቀቡት መካከልም ብዙዎች ጥቂት ይሻላቸዋል፤ ልዩነቱን ካላወቁ የተሸካሚውን ምስጋና ለፈዋሹ ይሰጡታል።

ከአገራችን አንድ ምሳሌ ልጨምር። በደጋማው የኢትዮጵያ ክፍል ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለብዙ ዓመት የሚሄዱ ገበሬዎች እግራቸው ያብጣል። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል፤ በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ሕክምናው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ እግርን ማጠብ፣ መዘፍዘፍ፣ ቆዳውን ማለስለስ፣ ጫማ ማድረግ ነው። በ2017 በወጣ ጥናት፣ በአገራችን 193 ታማሚዎች በሁለት ወገን ተከፍለው፣ አንደኛው ወገን በተለመደው መንገድ፣ ሁለተኛው ወገን ውሃው ተቀንሶ 2% ግሊሰሪን ተጨምሮበት እግራቸውን እንዲዘፈዝፉ ተደረገ። በሦስት ወርም ግሊሰሪን የተጨመረላቸው ሰዎች የእግራቸው ቆዳ ውሃን የመያዝ ችሎታው አብልጦ ተሻሻለ። ግሊሰሪን በየመድኃኒቱ ቱቦ «ሥራ ከሌላቸው» ተራ የሚቆጠር ርካሽ ነገር ነው። ውሃ ከሩቅ በእንስራ ለሚቀዳበት ቤት ግን ውሃ ቆጥቦ ቆዳ የሚያድን ነገር ቀላል ስጦታ አይደለም።

እንደሚፈውስ ሁሉ ሊጎዳም ይችላል። በእንግሊዝ አገር ችፌ ላለባቸው ልጆች ለብዙ ዓመት ይታዘዝ የነበረ «አኩዌስ ክሬም» የሚባል ማለስለሻ አለ። ምንም ፈዋሽ ቅመም ስለሌለበት ጉዳት የለውም ተብሎ ይታመን ነበር። ዘይቱንና ውሃውን የሚያስታርቀው ግን ሶዲየም ላውረል ሰልፌት የተባለ፣ በሳሙናዎችም ውስጥ የሚገኝ አረፋ አውጪ ቅመም ነበር። በ2010 የባዝ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ጤነኛ ቆዳ ያላቸውን ጥቂት ሰዎች በየቀኑ ለአራት ሳምንት ሲያስቀቡ፣ ቀንዳማው ሽፋን በአማካይ ከመቶ 12 እጅ ያህል ሳስቶ ተገኘ። በ2013ም የዚያው አገር የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ክሬሙ በተለይ ችፌ ባለባቸው ልጆች ላይ የቆዳ መቆጣት ሊያመጣ እንደሚችል አስጠነቀቀ። አስቡት፤ እናት ልጇን ልታስታግስ የምትቀባው ነገር ግንቡን ይቦረቡረው ነበር። ልጁ ሲያለቅስ ጥፋቱ የእናቲቱ አልነበረም፤ የልጁም አልነበረም።

ክሬም ውሃ ስላለበት ተሐዋስያን ይራቡበታል፤ ስለዚህ ጠባቂ ቅመም ይጨመርበታል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ሜቲልአይሶታያዞሊኖን በብዙ ሰው ላይ አለርጂ ስላመጣ፣ የአውሮጳ ኅብረት በ2017 ተቀብተው በቆዳ ላይ በሚተዉ የመዋቢያ ቅባቶች ውስጥ እንዳይገባ ከለከለ። በአንጻሩ ደግሞ ብዙ ሰው የሚፈራቸው ፓራቤን የተባሉት ጠባቂዎች አለርጂ የማምጣታቸው ነገር እጅግ ጥቂት መሆኑን፣ የአሜሪካ የንክኪ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር በ2019 ለይቶ አስታውቋል። ላኖሊንና ፕሮፒሊን ግላይኮልም አንዳንዱን ሰው ያስቆጣሉ። ስለዚህ አንድ ሰው «መድኃኒቱ አሳከከኝ» ሲል የተቆጣው በፈዋሹ ሳይሆን በተሸካሚው ሊሆን ይችላል፤ ያው ፈዋሽ በሌላ ተሸካሚ ቢሰጠው ይስማማው ይሆናል።

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ፋብሪካ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው የግሪክ ሐኪም ጋሌን ሰም፣ ዘይትና ውሃ ቀላቅሎ ቅባት ያዘጋጅ እንደ ነበር ይታወቃል። የአገራችንም የባህል ሐኪሞች ቅጠሉንና ሥሩን ወቅጠው በቅቤ ወይም በማር ለውሰው ሲቀቡ ኖረዋል። ቅቤውና ማሩ የተጨመሩት ለማጣበቅ ብቻ አልነበረም፤ የቅጠሉ ቅመም እንዲሟሟና በቆዳው ላይ እንዲቆይ ነው። ለጭርት የሚሰጠው የዊትፊልድ ቅባትም፣ በእንግሊዛዊው ሐኪም በአርተር ዊትፊልድ ስም የተጠራው፣ 6% ቤንዞይክ አሲድና 3% ሳሊሲሊክ አሲድ በቅባት ተለውሶ የሚዘጋጅ ነው። በውስጡ ያለው ሳሊሲሊክ አሲድ የወፈረውን ቀንዳማ ሽፋን እያላላ ለጓደኛው መንገድ ይከፍትለታል።

አሁን ከመካከላችሁ አንድ ብርቱ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። «እንዲህ ከሆነ፣ በፋብሪካ ስሙ የሚታወቀው ውዱ መድኃኒት ብቻ ነው የሚሠራው፤ ርካሹ ግን ከንቱ ነው ማለት ነውን?» የሚል ነው። በእርግጥ በ1987 ስታውተን በዚያው በንጣት መለኪያ ሲመረምር፣ በስምና በመጠን አንድ የሆኑ አንዳንድ መድኃኒቶች ኃይላቸው እኩል ሆኖ አላገኘውም። ነገር ግን ከዚህ የተገኘው ትምህርት «ርካሽ አትግዙ» የሚል አይደለም፤ «ፈትኑ» የሚል ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1995 ባወጣው መመሪያ፣ ተመሳሳይ ነው የሚባል የዚህ ዓይነት መድኃኒት በንጣት መለኪያ እኩልነቱ እንዲረጋገጥ ጠይቋል። ተፈትኖ እኩል የሆነው ርካሽ መድኃኒት ያው መድኃኒት ነው። ዋጋ ብቻውን መለኪያ አይሆንም፤ መለኪያው ፈተና ነው።

«ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» ይላሉ አባቶቻችን። እንግዲህ የመድኃኒቱ አያያዝ እንዳይቀደድ በየቤታችን ልናደርገው የሚገባውን በአጭሩ ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ሐኪምና ፋርማሲስት ሳያዙ ሁለት መድኃኒት አንቀላቅል፤ መድኃኒትንም በቫዝሊን ወይም በመዋቢያ ክሬም አናቅጥን። ያልሟሟ ትርፍ ፈዋሽ ያለበት መድኃኒት በእኩል ቫዝሊን ቢቀጥን ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል ማለት አይደለም፤ በሌላው ደግሞ ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። ክሬምም ሲቀላቀል ያ አስታራቂው ሽማግሌ ይሸነፍና ዘይቱና ውሃው ይለያያሉ፤ ጠባቂውም ቅመም ይሳሳና ተሐዋስያን ይገቡበታል።

ሁለተኛ፣ ሐኪም ካላዘዘ የተቀባውን ስፍራ በፕላስቲክ አንሸፍን። የሕፃን ሽንት ጨርቅም፣ በተለይ የፕላስቲኩ፣ እንደ መሸፈኛ ይቆጠራል፤ ለቀላል ነገር የተሰጠው መድኃኒት በዚያ ስፍራ ብርቱ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ኃይለኞቹን የኮርቲዞን ወገን መድኃኒቶች ፊትን ለማቅላት ወይም ለማንጣት መቀባትን እንተው፤ ሌላውም እንዲተው እንምከር። ቆዳውን ያሳሱታል፤ የደም ሥሩን ያወጡታል፤ ብጉርም ያበዛሉ። ተሸካሚው አስቦ የሚያደርሰው ቅመም አይደለም፤ የተጫነውን መልካሙንም ክፉውንም ያደርሳል።

አራተኛ፣ በልክ እንቀባ። ሎንግና ፊንሌይ በ1991 ያስተዋወቁት የጣት ጫፍ መለኪያ ቀላል ነው። ከቱቦው ተጨምቆ የአዋቂን ሌባ ጣት ከጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የሚሸፍነው መድኃኒት ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ ይህም የሁለት መዳፍ ስፋት ያለውን ቆዳ ይበቃል።

አምስተኛ፣ መድኃኒቱን ከፀሐይና ከምድጃ አርቀን በራሱ ቱቦ እናኑር። ቀልጦ የተመለሰ፣ ውሃው የተለየ፣ ሽታው የተለወጠ መድኃኒት መጠኑ እንደ ተጻፈው ቢሆን እንኳ ሥራው እንደ ተጻፈው አይሆንም።

ስድስተኛ፣ መድኃኒቱ ካልሠራ ወይም ካስቆጣን፣ ቱቦውን ይዘን ወደ ሰጠን ባለሙያ እንመለስ። የፈዋሹን ስም ብቻ ሳይሆን ክሬም፣ ቅባት ወይም ሎሽን መሆኑን እንናገር። ደቃቁንም ጽሑፍ አንጣለው፤ የሚያስቆጣን ነገር ስም የሚገኘው ከዚያ ነው።

ውድ ጓደኞቼ ሆይ፤ የኬሚስትሪ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ስለ መሟሟት፣ ስለ አሲድና ስለ ቤዝ የተጻፈውን «ለፈተና ብቻ ነው» እያልን የምናልፍ አለን። ነገር ግን አንድ ነገር በዘይት ይሟሟል ወይስ በውሃ የሚለው ጥያቄ፣ አንድ ገበሬ እግሩ ተሰንጥቆ እንዲቀር ወይም እንዲድን የሚያደርግ ጥያቄ መሆኑን ዛሬ አየን። በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1961 ጀምሮ የፋርማሲ ትምህርት ይሰጣል። አገራችን ሰም አላት፤ ቅቤ አላት፤ የዘይት እህል አላት፤ መድኃኒትነታቸው ገና በደንብ ያልተመረመረ ብዙ ዕፀዋት አሏት። እነዚህን መርምሮ፣ ፈትኖ፣ ለድኻው በሚደርስ ዋጋ መልካም ተሸካሚ የሚሠራ ሰው ያስፈልጋታል። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሁለት ሰው ለዚህ ሥራ ቢነሣ፣ ትምህርት ቤታችን በሚቀጥለው የምሥረታ በዓሉ የሚኮራበት ነገር ያገኛል።

ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ፣ ለመምህራኖቻችን ጤና፣ ለሁላችንም የማስተዋል ልብ እመኛለሁ።